ስማችንን የጻፍንበት ወረቀት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዌምብሊ፣ ከቤቴ ጀርባ ያለው መንገድ ለመኪና ይዘጋ አይዘጋ ተብሎ ድምፅ ሰጥተን ነበር። ውጤቱ በፖስታ መጣ፤ አይዘጋም። እውነቱን ለመናገር መኪናም የለኝ፣ የመረጥኩት ወረቀቱ ስለመጣልኝ ብቻ ነው። ግን ከግርጌው "ያልተቆጠሩ ድምፆች" የሚል መስመር አየሁና ምሳዬን ገፋ አድርጌ ተነሣሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወጥቼ እዚሁ ከተማ፣ ኬንቲሽ ታውን የሚባል ሰፈር አክስቴ ዘንድ ገባሁ። እትዬ በላይነሽ የሚኖሩት ካውንስሉ፣ ማለትም የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ በሚያከራየው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ለፋሲካ እንኳን ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻሉም። ከሰፈሩ የቆጵሮስ ሰዎች ሱቅ ምስርና ሽንኩርት ገዝቼ ስመጣ፣ ዕቃውን ተሸክሜ ደረጃውን እንዳልወጣ ዘንቢል በገመድ አስረው በመስኮት ያወርዱልኛል።

"ዘንቢሉስ ታድሏል፣ ይወርዳል ይወጣል" ብለው ይስቃሉ። እኔን አያስቀኝም ነበር።

አንድ ዝናባም ጥቅምት ላይ ካውንስሉ ሊፍት ልሥራላችሁ አለ። የሚሠራው ግን ልብስ የምናሰጣበት ግቢ ላይ ስለሆነ ነዋሪው ድምፅ ይስጥበት ተባለ። ምድር ቤት ያለ ሰው ሊፍት ምን ያደርግለታል? ማስጫውን ነው የሚፈልገው። አልፈርድበትም።

ለእትዬም ለእኔም አንዳንድ ወረቀት መጣልን። "ይሠራ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግን። እዚያ ላይ ብናቆም ምን ነበረበት! እኔ ግን ቀበሌ ውስጥ ያደግሁ ነኝ። ጎረቤታችን አቶ ጸጋዬ በአንድ ስብሰባ ላይ ራሳቸውን ሲያኩ እጃቸውን ዘግይተው አወጡ፣ በማግስቱ "ምን እያሰቡ ነው የዘገዩት?" ተብለው ተጠሩ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ መስጠት ማለት ለእኔ መታየት ነው።

"ስማችንን እንጻፍበት እትዬ" አልኩ።

"ጻፉ የሚል አለው እንዴ?"

"የለውም። ኋላ እምቢ ያለው ማነው ብለው ሲፈልጉ ግን እኛ ላይ እንዳይመጡ።"

"ምነው ልጄ፣ እዚህ አገርም ቀበሌ አለ?"

"ቀበሌ የሌለበት አገር የት አለ?"

"እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ" አሉና መነጽራቸውን አድርገው፣ እስከ አያት ስማቸው ድረስ ቀስ ብለው ጻፉ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ውጤቱን አነበበች። ሊፍቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደቀ። "ሁለት ወረቀቶች አልተቆጠሩም" አለች፤ "ድምፅ ምስጢር ነው፣ እነሱ ግን ስም ተጽፎባቸዋል።" የማን እንደሆኑ አልተናገረችም። አራቱን ፎቅ ያን ዕለት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

እትዬ በሩን ከፍተው ይጠብቁኛል።

"እህሳ?"

"ተሸነፍን።"

"በስንት?"

"በብዙ" አልኩ።

"እሰይ" አሉ፣ ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ። "በአንድ በሁለት ቢሆን ነበር የሚያንገበግበው።"

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት እዚያው ፎቅ ላይ ኖሩ። የወረዱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም በሰው ትከሻ።

አሁን ሰዎች "አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?" ሲሉ እሰማለሁ። አልከራከራቸውም፤ ከተከራከርኩ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ሸምግያለሁ፣ የእኔም ጉልበት ደረጃ እየፈራ ነው፣ እርሳቸውን ግን በሕይወት ሳሉ ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። እትዬ፣ የተሸነፍነው በአንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ያልተቆጠሩት ሁለቱ ደግሞ የእኛ ነበሩ።