ሌዘሩ ያላየው
በሰባ ዘጠኝ ክረምት አንዲት ሴት ቦሌ ወዳለው ቤተ ሙከራችን ትመላለስ ነበር፤ ጥቁር ለብሳ፣ በቀበሌ ሱቅ የዘይት ጠርሙስ ውሃ ይዛ፣ በነጠላዋ ሸፍና። ቤተሰቧ የሚጠጣው ይህ ውሃ የመኪና ባትሪ ከሚታደስበት ግቢ ጀርባ ካለው ጉድጓድ የተቀዳ ነው። ማዕድን የምንለይበት ሌዘር ውሃ ውስጥ ያለ ትንሽ የእርሳስ መርዝ ስለማያይ፣ መርዙ እንዲጠራቀም አፍልታ እንድታተንነው ነገርናት። ባልዲ ሙሉ ውሃ አፍልታ አፍልታ፣ ጠርሙሱ ሥር ጥቂት ይዛ መጣች፤ ዓይኗ በጭስ ቀልቷል። ጠብታውን አድርቀን ሌዘሩን ለቀቅንበት። አሁንም ምንም።

«እትዬ፣ የለም ማለታችን አይደለም፤ መሣሪያው አቅም አንሶት ነው» አልኳት።

«የቀበርኳት ልጄ ድድ ላይ ግን ሰማያዊ መስመር ነበር» አለች። «አሁን ደግሞ ታናሿ ላይ ወጥቷል።» የእርሳስ መመረዝ ምልክት ነው።

ባዶ ጠርሙሷን አነሳች።

«እስቲ ከእናንተ ቧንቧ ልቅዳላት።»

ቧንቧውን ከፈተች፤ ጠብታም አልወጣ። ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ ነበር።