በአንሶላ የተለካ ጓሮ

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ይህን የምለው ሥራዋን ለማስተዋወቅ አይደለም፤ ዓለምን የምታየው በዚያ ዓይን ስለሆነ ነው። ሰው ሲተዋወቃት ስሙን ከመስማቷ በፊት አንዱ ትከሻው ዝቅ ማለቱን ታያለች። የሰው ቤት መጋረጃ ትንሽ ካዘነበለ የቀረበላት ምግብ አይወርድላትም። ሜትሯን ከአንገቷ የምታወርደው ስትተኛ ብቻ ነው፤ እሱም ካስታወሰች። ስለዚህ ጓሯችንን እንደ ልብስ ብትሰፋው ሊገርመን አይገባም ነበር።

ጓሮ ስላችሁ ደግሞ ጓሮ እንዳይመስላችሁ። ቤቱን የሠሩት ግንበኞች ስብርባሪ ጡብ፣ ደርቆ ድንጋይ የሆነ ሲሚንቶና ጎማ የሌለው የእጅ ጋሪ ጥለውልን ሄደዋል። "በሚቀጥለው ወር እናስተካክለዋለን" ስንል ስንል አረሙ ወገባችን ደረሰ። አባቴ እግሩን ባይሰበር ኖሮ እስከ ዛሬም "በሚቀጥለው ወር" ላይ ነበርን።

አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ስንቱን ዳገትና ጭጋግ በሰላም ያለፈ ሰው፣ ከቆመ አውቶቡስ ሲወርድ እርጥብ ደረጃ አንሸራተተው። ከስብራቱ ይልቅ ያመመው ይሄ ነው። ጀሶው ሲወጣለት ሐኪሙ "በየቀኑ ተራመድ። አለበለዚያ እግርህ እንደደረቀ ይቀራል፤ መሪ መያዝም ያበቃል" ብሎ አስጠነቀቀው። አባቴ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከአልጋ መታጠቢያ ቤት፣ ከመታጠቢያ ቤት አልጋ። ነገ እጀምራለሁ ይላል፤ ነገ ሲመጣ ያመዋል። እኛ ላይ ይቆጣ እንጂ ፈርቶ ነበር። እናቴም ፈርታለች። ሱቋ ስሄድ አንዳንዴ መርፌው ላይ ክር ሳይኖር የስፌት መኪናዋን ፔዳል ዝም ብላ ስትረግጥ አገኛታለሁ።

አንድ ቀን አልጋው ጫፍ ተቀምጣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ቆየችና "ሰው ፍርስራሽ እያየ ውሎ እንዴት ልቡ ይነሳሳል?" አለችን። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የአበባ መደብና አግዳሚ ወንበር ይሠራል፤ እሱ ከአልጋው ሆኖ እያየ ይጎመጃል፤ ሲጎመጅ ይወጣል።

ወንድሜ ወዲያው ወረቀት ላይ ፕላን ነደፈ። "ኢንጂነሩ" የምንለው የበር ደወል ሲጠግን የቤቱን መብራት ሁሉ ስላጠፋ ነው። እናቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

"ይሄማ የአሻንጉሊት ነው" አለች። "እኔ በልኩ ያልወጣ ቅድ አልቆርጥም።"

ያረጁ አንሶላዎቻችንን ሁሉ ሰብስባ፣ አንዱን ካንዱ ቀጣጥላ፣ የጓሮውን ቅድ በጓሮው ልክ አዘጋጀችው። መንገዱ፣ የአበባው መደብ፣ ወንበሩ የሚቆምበት፣ ከወጥ ቤቱ ኋላ ዘወር ብሎ የሚቆፈረው የጥራጊ ጉድጓድ፣ ሁሉም በየቦታው በመቀስ ተቆርጦ ወጣ። እኛም ስብርባሪውን ለቀምን፣ አረሙን ነቀልን፣ አፈሩን ደለደልን። ስለ ወገቤ አላወራም። ከዚያ እናቴ ቅዱን መሬት ላይ ዘረጋችው። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ በግንቡ ላይ ብቅ ብለው "ቀሚሱ ለማን ነው?" አሉ።

"ለመሬት ነው፣ እትዬ" አለች እናቴ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

በማግስቱ ጠዋት "በተቆረጠው ውስጥ ኖራ ነስንሱና ኖራውን ተከትላችሁ ቆፍሩ" ብላን ወደ ሱቋ ሄደች። ገና ከመታጠፊያው ሳታልፍ ነፋስ መጣ። ቅዱ ብድግ አለና ግንቡን ተሻግሮ እትዬ ግቢ ገባ። እሳቸው እየሳቁ መልሰው ወረወሩልን። እኛም ዘረጋነው፣ በድንጋይ አስረገጥነው፣ ኖራችንን ነሰነስን።

የዘረጋነው ግን ግልባጩን ነበር። የልብስ ሰፊ ልጆች ሆነን! ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኗል፤ እኛ ምን ተዳችን፣ ላብ በላብ ሆነን እንቆፍራለን። ወደ ቧንቧው መድረስ የነበረበት መንገድ ባዶ ግድግዳ ጋ ሄዶ ቀጥ ሲል ኢንጂነሩ "እማዬ ለውበት ያደረገችው ነው" አለኝ። አመንኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

አባቴ ትራስ ደራርቦ፣ ሲኒማ እንደገባ ሰው በመስኮቱ ያየናል። እንዲያውም ሥራ ከጀመርን ወዲህ ከአልጋው መነሳት ጭራሽ ትቶ ነበር። በመሐል መስታወቱን መምታት ጀመረ። መስኮቱ ቤቱ ቀለም ሲቀባ አብሮ ስለተጣበቀ አይከፈትም። ያበረታታን መስሎን እጃችንን አውለበለብንለት። በማንኪያ መታው፤ ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ስልካችን ጮኸ፤ በጭቃ እጅ ማን ያነሳል? እጁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያወናጭፍ "መደቡን አስፉት እያለን ነው" ተባባልንና አሰፋነው።

በመጨረሻ ኢንጂነሩ የጥራጊውን ጉድጓድ ሊጀምር አካፋውን ተሸክሞ ሄደ። የት? ልክ አባቴ መስኮት ሥር። ጥቂት አካፋ አፈርም አወጣ።

ከጓሮ በሩ የመጣው ጩኸት ሙሉ አውቶቡስ ተሳፋሪ የሚያስወርድ ነበር። "ጥራጊ በአፍንጫዬ ሥር! ጭራሽ!"

ዞር ስል አባቴ በነጠላ ጫማ፣ አንድ እጁን ምርኩዙ ላይ፣ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቆሟል። ክው አልኩ። ወንድሜ "አባዬ፣ ቆምክ እኮ" ሊል አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት።

"ይሄ ፊቱ ነው?" አለ አባቴ፣ አንሶላውን በምርኩዙ ጫፍ እያነሳ። "ስፌቱ እንዲህ እያፈጠጠባችሁ? እኔ ሹፌሩ እንኳ ፊትና ግልባጭ እለያለሁ! ኑ፣ የቱ የት እንደሆነ ላሳያችሁ!"

ሄደም። ከመስኮቱ ወደ ቧንቧው፣ ከቧንቧው ወደ ወጥ ቤቱ ኋላ፣ እያነከሰ፣ እየተሳደበ፣ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። እኛ ከኋላ ከኋላው "እሺ አባዬ፣ ልክ ነህ አባዬ" እያልን እንከተላለን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም። ሲደክመው፣ በግልባጩ ቅድ ሳቢያ ከመስኮቱ ፊት ቀርቶ ከአበባው መደብ ጋር ከወጥ ቤቱ ኋላ የዋለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

እናቴ አመሻሽ ላይ ስትመጣ እንደ ልማዷ በቀጥታ ወደ እሱ ክፍል ገባች። አልጋው ባዶ ነው። ጩኸቷን ሰምተን ከመነሳታችን እየሮጠች ወጣች፤ አየችው። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች፤ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

"ልጆችሽ የሠሩትን ጉድ እዪ" አለ አባቴ፣ እንባዋን እንዳላየ ሆኖ። "ነገ ገልብጠው እንደገና ይሥሩት።"

እናቴ ዓይኗን ጠረገች። ወደ መስኮቱ አየች፤ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋርዶታል፣ ከወንበሩ አይታይም። በሩን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ በመሐሉ ያለውን መሬት ደንበኛዋን እንደምትለካ በዓይኗ ለካችው።

"አይገለበጥም" አለች። "ጉድጓዱን ብቻ ድፈኑት።"

"እንዴ! ታዲያ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ አበባውን በምን አየዋለሁ?"

"አታየውም።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ፣ ወደ ወንድሜ ዞረ። የሚያግዘው አጣ።

"አንቺ ጨካኝ ሴት ነሽ" አላት። እጁን ግን ዘረጋላት። "በይ አንሺኝ። ነገ በጠዋት የምነሳ ሰው ነኝ።"