ከዳኛ ጋር ነበርኩ

በዓሣ አጥማጆቹ መንደር በማንቺኒል ቤይ ሰው በመዝገብ ስሙ የሚጠራው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ክርስትና ሲነሣና ሲቀበር። በመካከል ያለውን ዕድሜ በቅጽል ስሙ ይኖራል። ሴፋስ ብሩምፊልድም ከጎረምሳነቱ ጀምሮ «ዳኛ» ነው፤ ያከበሩት ደግሞ «ማስ ዳኛ» ይሉታል። ስሙን ያገኘው ሁለት ዓሣ ሻጮች በአንድ ትልቅ ቀይ ዓሣ ሲጣሉ ገላጋይ ሆኖ በገባ ጊዜ ነው። የዓሣውን ራስ ለአንዷ፣ ጅራቱን ለሌላዋ ሰጠና መሃሉን ጠብሶ በላው። «የዳኝነት ነው» አለ።

ፍሎሪዳ ሄዶ ለጥቂት ዓመታት ሸንኮራ ቆርጧል። ባጠራቀመው የእንጨት ታንኳ አሠራ፤ ባለ አርባ የፈረስ ጉልበት ሞተር ገጠመባት። ከዚያ ወዲህ የሽቦ ወጥመድ እየጣለ ኖረ። ሚስቱን ሚስ አይነዝን ቀበረ። ልጅ የለውም፤ ያለው ታንኳዋ ናት።

ኑሮው የጠበበው ግማሹ የባሕር ወሽመጥ ዓሣ እንዲራባበት ተብሎ በቢጫ ተንሳፋፊ ምልክት ከተከለለ በኋላ ነው። ከምልክቱ ወዲያ ወጥመድ ሲያወጣ የተያዘ ሰው ታንኳውም ሞተሩም ይወረሳል። ያልተከለለው ባሕር ደግሞ ጥልቅ ነው፤ ወጥመድ ከዚያ ስቦ ማውጣት የሽማግሌ ክንድ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ዳኛ ራሼን ፒኖክ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ለጉልበት ይዞ፣ ጨረቃ በማትወጣበት ሌሊት ከምልክቱ ወዲያ ይገባ ነበር። መንደሩ ያውቃል፤ መንደሩ አይናገርም።

ከእነዚህ ሌሊቶች በአንዱ ባሕሩ ዳር ካለው የእንግዳ ማረፊያ የጀልባ ማቆሚያ አዲስ የጀልባ ሞተር ተሰረቀ። ዘበኛው «ራሼን ነው፤ አይቼዋለሁ» አለ። ራሼን ታሰረ፤ ዋስ የሚሆነው አጥቶ ሁለት ወር ተቀመጠ።

ጉዳዩ የከተማው ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ዘንድ ደረሰ። በቢሮው ያለችው አንዲት ጠበቃ ብቻ ናት፤ ሚስ ፊንዚ። በየክረምቱ ከኪንግስተን አንድ የሕግ ተማሪ ለስድስት ሳምንት ይመደብላታል፤ ተማሪው ሥራው ሲገባው ጊዜው ያልቃል። የዘንድሮዋ ታማር ሊዊን ነበረች። የራሼን ችሎት ሐሙስ ነው፤ የታማር ምደባ ዐርብ ያበቃል። ማክሰኞ ልታነጋግረው እስር ቤት ሄደች።

«ለፖሊሶቹ ምን አልካቸው?»

«እውነቱን ነዋ። ከዳኛ ጋር ነበርኩ አልኳቸው።»

«ከየትኛው ዳኛ?»

«ከዳኛ! አንደኛው ‹እራት ጋብዘውህ ነው?› ብሎ ሳቀ። ሌላው ‹ትቀልድብናለህ› ብሎ አንባረቀብኝ።»

ታማር ራሷ የገጠር ልጅ ናት። አጎቷን «ሳሙና» እያለች ነው ያደገችው። ወዲያው ገባት።

«የመዝገብ ስሙ ማነው?»

«እኔ እንጃ! እሱን ያወጣችለትን እናቱን ጠይቂ፤ እሷም ሞታለች።»

«እሺ፣ የት ነበራችሁ?»

«ባሕር ላይ።»

«ባሕሩ የት ጋ?»

«ውሃው ጋ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ረቡዕ ጠዋት ከመሄዷ በፊት ሚስ ፊንዚ አስጠነቀቀቻት። «የእኛ ደንበኛ ራሼን ነው። ግን ምስክሩን የሚጎዳው ነገር ካለ ሳትነግሪው እንዳታመጪው።»

ባሕሩ ዳር አራት ሰዎች ዶሚኖ ይጫወታሉ። ስትመጣ ጫማዋን አዩ፤ የከተማ ጫማ ፖሊስ ወይም ግብር ነው።

«ዳኛ የሚባል ሰው ፈልጌ ነበር።»

«ዳኛ ከፈለግሽ ፍርድ ቤት ሂጂ፣ ልጄ። እዚህ ያለነው ጥፋተኞቹ ነን» አለ አንዱ። ተሳሳቁ።

«ራሼን ነው የላከኝ። ነገ ችሎት ይቀርባል፤ ሌላ ምስክር የለውም።»

ሳቁ ተቆረጠ። ሦስቱ እያንዳንዳቸው የያዙትን ጠጠር ተመለከቱ። አራተኛው፣ ሽማግሌው፣ ተነሣና «ተከተዪኝ» አላት።

ታንኳዋ አጠገብ ሲደርሱ «ልጁ የት እንደነበርን ተናገረ?» ብሎ ጠየቃት።

«ውሃው ጋ ነው ያለው።»

ሽማግሌው የታንኳዋን ጠርዝ ያዘ። ታማር ቢጫዎቹን ምልክቶች አየች፤ የቀረውን ሰው ሳይነግራት ገመተችው። ብትደብቀው ይመጣል፤ ብትነግረው ሊቀር ይችላል።

«ማስ ዳኛ፣ ከመምጣትዎ በፊት ይወቁት። የት እንደነበራችሁ ይጠይቁዎታል። እውነቱን ከተናገሩ ታንኳዎን ሊወስዱ ይችላሉ።»

«አንቺ ትከራከሪልኛለሽ?»

«እኔ ዐርብ እሄዳለሁ።»

«ሐሙስ አፌን ታስከፍቺኝና ዐርብ ትሄጃለሽ!»

«አዎ።»

«ቢያንስ ዋሺኝ እንጂ!»

«ብዋሽዎት ሰኞ ምን ይሉኛል?»

«ሰኞ የት አገኝሽና!»

ስለ ራሱ ጠበቃ እንዲያነጋግር፣ ቢሮው ሰው እንደሚፈልግለት፣ ማግኘቱን ግን ቃል እንደማትገባ ነገረችው። የመዝገብ ስሙን ነገራት። መምጣት አለመምጣቱን ግን ሳይናገር ወደ ዶሚኖው ተመለሰ።

ሐሙስ ዘበኛው በልበ ሙሉነት መሰከረ። ሚስ ፊንዚ ስትጠይቀው ጀርባውን ብቻ ማየቱን አመነ፤ ግን «ጀርባውን አውቀዋለሁ» አለ። ታማር የፍርድ ቤቱ የፊት በር ላይ ቆማ ከየታክሲው የሚወርደውን ትመለከታለች። ዳኛ የለም።

«ሴፋስ ብሩምፊልድ!» ብሎ ተጣራ የችሎቱ ፖሊስ። የተነሣ የለም።

«ሴፋስ ብሩምፊልድ!»

ችሎቱን የሚመሩት ወይዘሮ ብዕራቸውን አነሡ። «ሚስ ፊንዚ፣ ምስክርሽ ካልመጣ ክርክሩን እንዘጋለን።»

«ሴፋስ ብሩምፊልድ! ለመጨረሻ ጊዜ!»

ታማር ተስፋ ቆርጣ ወደ አዳራሹ ስትገባ አየችው። በጎን በር ገብቶ፣ በሚስ አይነዝ ቀብር የለበሰውን ሱፍ ለብሶ፣ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ እስኪጠሩት ይጠብቃል። ለዓመታት በዚያ ስም የጠራው ሰው ስላልነበረ ጆሮው አልያዘውም።

«ዳኛ! ይነሡ እንጂ!» ብላ ጮኸች።

ወይዘሮዋ ከመነጽራቸው በላይ አፍጥጠው «እኔን ነው?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ራሼን ግን አልሳቀም።

ሽማግሌው ማለ፤ ሚስ ፊንዚ ስትጠይቀው ያን ሌሊት ከራሼን ጋር ባሕር ላይ እንደነበሩ ተናገረ። ዐቃቤ ሕጉ ጊዜ አላጠፋም። «ባሕር ላይ ነበርን ብለዋል። የት ላይ?»

ወይዘሮዋ እጃቸውን አነሡ። «አቶ ብሩምፊልድ፣ መልሱ እርስዎን የሚያስከስስ ከሆነ ያለመመለስ መብት አለዎት። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

ራሼን ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ራሱን ነቀነቀ፤ አትበል ማለቱ ነው። የጣራው ማራገቢያ ይንቋቋል። ሽማግሌው ወደ ዐቃቤ ሕጉ ዞረ።

«ከቢጫው ምልክት ወዲያ። እኔ ሞተር ይዤ፣ ልጁ ወጥመድ ሲያወጣ። ከመሸ እስኪነጋ።»

«ልጁን ለማዳን እየዋሹ ነው!»

«ጌታው፣ መዋሸት ብፈልግ ጸሎት ቤት ነበርን እል ነበር። ታንኳዬን የሚያስወርስ ውሸት ምን ይጠቅመኛል?»

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ። ራሼን ከሰዓት በፊት በነፃ ተለቀቀ።

ዐርብ ታማር ቀኑን በስልክ ላይ አሳለፈች። ሚስ ፊንዚ ራሼንን ስለወከለችና የሁለቱ ጥቅም ሊጋጭ ስለሚችል የዳኛን ጉዳይ መያዝ አልፈለገችም። አራት ጠበቆች እምቢ አሉ፤ አምስተኛው እሺ አለ። ታማር ስሙንና ስልኩን ለሽማግሌው አድርሳ አውቶቡሷን ያዘች።

ማክሰኞ ፖሊሶች መጥተው ታንኳዋን ወሰዷት። ክርክሩ ሁለት ጊዜ ተቀጥሯል፤ ውሳኔ የለም። ታንኳዋ ፖሊስ ጣቢያው ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። እንጨት ከውሃ ርቆ ሲከርም ይደርቃል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ ያኔ ቢመልሱለትም አትንሳፈፍም። ስለዚህ ራሼን አንድ ቀን እየዘለለ በባልዲ ውሃ እየያዘ ይሄዳል። ተረኛው ፖሊስ በሩን ይከፍትለታል። ከአፍንጫዋ እስከ ሞተሩ መግጠሚያ ድረስ አርሷት፣ እርጥብ ጆንያ አልብሷት ይመለሳል።