ቀድሞ የሮጠው ጫማ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የካሜራውን ቀይ ቁልፍ አጠቃቀም አገለባበጥኩት። አንዴ ሲጫኑት ይቀርጻል፤ ሲደግሙት ያቆማል። እኔ ካሜራውን ስረከብ በድንጋጤ ተጭኜው ኖሯል። ከዚያ በኋላ "ጀምር" ስባል አቆምኩ፣ "አቁም" ስባል ቀረጽኩ። ላቤን ያየ ሰው ባለሙያ ይለኝ ነበር።

ቀጣሪዬ ጋሽ ታደሰ ጂንካ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቅዳሜ ከህንዱ ፊልም በፊት አጭር ቀልድ እንደሚያሳይ ለደንበኞቹ ቃል ገብቷል። አንድ ጉረኛ "ምንም አልፈራም" እያለ ሲፎክር በሬ ይመጣበታል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ጉረኛውን የሚሠራው ልብስ ሰፊው ደምሴ ነበር። ቦታው አውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ነው፤ ያኔ አውሮፕላን በሌለ ቀን ከብት ይግጥበታል።

ካሴቱን ስንከፍት ደምሴ የለም። በሬም የለም። ያለው ካሜራውን አንጠልጥዬ ስቆም የተቀረጸው የእኔ ጫማ፣ ሣርና እበት ነው። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

"ኧረ በማርያም፣ በሬውን ያዙልኝ" ይላል ደምሴ።

ዳር ሆና ሙዝ የምትሸጠው እትዬ ማርታ ትመልስለታለች፦ "ሱሪህ ተተረተረ፣ ጀግናው። አንተ አይደለህ እንዴ የሰፋኸው?"

ቀጥሎ የበሬው ኮቴ። ጫማዎቼ ጥቂት ቆሙ፣ ከዚያ ሮጡ። ከደምሴም ቀድመው።

ጋሽ ታደሰ አልሳቀም። "ቅዳሜ ሰው ካልሳቀ ሰኞ እዚህ እንዳላይህ" አለኝ። ለአማቴ ሥራ አገኘሁ ያልኩት በዚያው ጠዋት ነበር።

የበሬው ባለቤት በሬዬን ዳግመኛ አላውስም አለ። ስለዚህ የደምሴን ፉከራ ብቻ እንደገና ቀረጽን። እንዲመሳሰል የእኔን ጫማ አጠለቀ። ስለጠበበው ፊቱን አጨማደደ፤ ሰው ትወና መሰለው።

ኤዲቱ በሁለት የቪዲዮ ዴክ ነው፤ አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። የኮቴውን ድምፅ ደምሴ ገና ሲፎክር፣ ፊቱ በሚታይበት ላይ አስገባሁት። ከዚያ የሚሮጠውን ጫማ ቀጠልኩ። ከዚያ ባዶ ሣር።

"ሙዚቃ ጨምርበት፤ ሰው የቱ ጋ እንደሚስቅ ይወቅ" አለ ጋሽ ታደሰ።

"ሙዚቃ ካለ ኮቴው አይሰማም፣ ጋሼ።"

"ካልተሳቀ የምንሰማው ያንተን ኮቴ ነው።"

ቅዳሜ ደምሴ ያለ ሙዚቃ ፎከረ፤ የሳቀ የለም። ኮቴው መጣ፤ አንድ ሰው አሳለ። እኔ በሩን አየሁ። ጫማው ሲሮጥ ከኋላ አንድ ሳቅ ተሰማ። ባዶው ሣር ላይ "ሱሪህ ተተረተረ፣ ጀግናው" ሲባል ግን ቤቱ ተናወጠ። ከእትዬ ማርታ ሙዝ ያልገዛ ሰው ስለሌለ ድምፁን ሁሉም ያውቀዋል። በሬው የት አለ ያለ አንድም ሰው የለም።

ጋሽ ታደሰ ዓይኑን እየጠረገ "ሰኞ በጊዜ ና" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርግና ብዙ ቀልድ ቀርጫለሁ። የማውቀው ይህን ነው፦ ጆሮ ቀድሞ ይድረስ፣ ዓይን ይከተል። በሬው ባይታይም ይሳቃል።

እትዬ ማርታ ግን ያኔውኑ ያዘችኝ። "ድምፄን ወስደህ መልኬን የት ጣልከው?" አንድ ቀረጻ ቃል ገባሁላት፤ ዛሬ ነገ ስል አረጀን። በቅርቡ ዕዳዬን በስልኬ ቀርጬ ልከፍላት ሄድኩ።

"ጥርሴ ሳለ የት ነበርክ?" አለችና ጃንጥላዋን ፊቷ ላይ ጋረደች።

ስልኬ ውስጥ ያለው ጃንጥላ ነው። ድምፁ ጥሩ ነው። መልኳ አሁንም አለብኝ።