ከአራቱ ሦስቱን መጣል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐዊ ለመግቢያ ፈተና ስትለማመድ አየኋት። አንዱን የአፕቲቲዩድ ጥያቄ በቅጡ እንኳ ሳታነብ ከአራቱ ምርጫዎች ሲን አጠቆረች። "ካላወቅሽ ሲ ነው እማ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው" አለችኝ። ደሜ ፈላ።

እኔ በእሷ ዕድሜ ከኪራሙ መጥቼ ነቀምቴ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ከመንደራችን የወሎ ሰፋሪዎች አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስኩ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ነኝ። ጎረቤቶቻችን ሴቶች ልጆቻቸውን ለመላክም ለማስቀረትም የእኔን ውጤት ይጠብቁ ነበር። ብወድቅ ብቻዬን አልወድቅም።

አፕቲቲዩድ ግን እንቢ አለኝ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ "የጉቶ ጊዳ ገበሬዎች ሁሉ ቡና አላቸው፤ ኦቦ ዲንሳ የጉቶ ጊዳ ገበሬ ናቸው። ስለዚህ?" ብለው ጻፉ። እጄን አወጣሁ።

"ቲቸር፣ ኦቦ ዲንሳ እኮ በቆሎ ብቻ ነው ያላቸው! አከራዬ ናቸው።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ወረቀቱ ያላለውን አንቺ አታምጪ" አሉኝ። አልገባኝም። የማውቀውን እንዴት አላውቅም ልበል?

ለዕረፍት ኪራሙ ስገባ በጋው ሊያልቅ ነው፤ መንገዱ አቧራ በአቧራ። አባዬ የእርሻ በሬ ሊገዛ ገበያ ይዞኝ ወጣ። የበቆሎ ቂጣችንን እየቆረስን አራት በሬዎች ፊት ቆምን። አባዬ ጥሩውን አልፈለገም፤ ነውር ነው የፈለገው። አንዱን አስነድቶ አየው፤ የኋላ እግሩን ይጎትታል። ተወው። የሁለተኛውን ጫንቃ ቀንበር ልጦታል። እሱንም ተወው። የሦስተኛው ባለቤት "የዚህ እናት ወተቷ ጉድ ነው!" ሲል አባዬ ሳቀ።

"ኧረ ወንድሜ፣ እናቱን መቼ ጠየቅኩህ? ያርሳል ወይ ነው ያልኩህ።"

ሦስተኛውንም ተወው። መምህራችን ሲለፉ የከረሙት ለካ ይህን ሊነግሩኝ ነው፤ ያልተጠየቀ ነገር፣ እውነት ቢሆንም፣ መልስ አይሆንም! አራተኛው በሬ ከእኛ ጋር ቤት ገባ።

በፈተናው ቀን ነውር ፈላጊ ሆንኩ። "አንዳንድ" የተባለውን "ሁሉም" ያደረገውን ምርጫ ጣልኩ። ነገሩን የገለበጠውን ጣልኩ። እውነት ቢሆንም እንኳ ወረቀቱ ያላነሳውን ያመጣውን፣ እሱንም። የቀረውን አጠቆርኩ።

ማለፌ ሲሰማ ጎረቤቶች "ዕድለኛ ናት" አሉ። አባዬ ዞር ብሎ ጠየቀኝ።

"የጣልሻቸውን ለምን እንደጣልሻቸው ታውቂያለሽ?"

"አንድ በአንድ፣ አባዬ።"

"እንግዲያ ወላሂ ዕድል አይደለም!" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

በዓመቱ ከመንደራችን ሦስት ልጃገረዶች ነቀምቴ ተላኩ። የአባዬን ዘዴ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሦስቱም አለፉ። አንዷ ዛሬ እዚህ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ናት፤ አዋላጅ ሆናለች። ባየኋት ቁጥር እኮራለሁ፤ አልደብቅም። ዕድል ቢሆን ኖሮ ከእኔ አልፎ ለእነሱ አይደርስም ነበር።