ባለ ሁለት ቀንዱ ትል

የሻገተ ጆንያ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም የሊሙ ገነቱ ቤታችን ይመጣብኛል።

ሐምሌ ሲገባ ከአባቴ የጫካ ቡና ውስጥ ትል መልቀም የኔ ሥራ ነበር። የጥላ ዛፎቹን ችግኝ ቅጠል እየገለበጥኩ፣ ራሱ ላይ ሁለት ቀንድ ያለውን አረንጓዴ ትል እየለቀምኩ አመድ ያለበት ጣሳ ውስጥ እጨምረው ነበር። አባቴም «ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ ባትኖሪ ቡናዬ ያለ ጥላ ይቀር ነበር» ሲሉኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር።

አንድ ክረምት ጅማ የሚማር ዳዊት የሚባል የጎንደር ልጅ ቢራቢሮ ሊያጠና መጥቶ የኋላ ክፍላችንን ተከራየ። ቢራቢሮ ደግሞ ምኑ ይጠናል ብለን ስንስቅ ከርመን፣ አንድ ቀን ቁርስ ላይ መጽሐፍ ገልጦ «ይቺ ከእናንተ ዓይነት ጫካ በቀር መኖሪያ የላትም፣ እየጠፋች ነው። ወር ሙሉ ፈልጌ አንድም አላየሁም» አለን። ከቢራቢሮዋ ሥር የተሳለውን ትል ሳይ ክው አልኩ፤ የኔው ባለ ቀንድ ነበር! ምን ብዬ ልንገረው? በጣሳ በጣሳ ፈጀኋት ልበለው?

አራት ቀን ሙሉ ፈልጌ አንድ ትል አገኘሁና፣ አባቴ እንዳያዩብኝ ቁም ሣጥን ኋላ በጣሳ ደብቄ ቅጠል አበላው ጀመር። ቢራቢሮ ሆና ስትወጣ ለጋሼ ዳዊት ሰጥቼ ጥፋቴን ልነግረው ነበር ሐሳቤ። ትሉም ጥሬ ቡና መስሎ ተጠቅልሎ ዝም አለ።

ዝናቡ ግን አላባራ አለ፤ ጣሳውን በከፈትኩ ቁጥር ሻጋታ ሻጋታ እየሸተተኝ በጭንቀት አለቅኩ። ህዳር ላይ ቡናው ሲለቀም፣ ጋሼ ዳዊትም ሊሄድ ሲሰናዳ፣ ጥቅሏን ከቡና ማድረቂያው አልጋ ጥግ አስጥቼ፣ ከቡናው ጋር እያገላበጥኩ ሳምንት ጠበቅኳት። በደንብ የደረቀ ቡና ሲያነቃንቁት ይንኳኳል፤ እሷንም ጆሮዬ ላይ ሳነቃንቃት ተንኳኳችልኝ። አልሃምዱሊላህ፣ ተረፈች! እየሮጥኩ ወሰድኩለት።

እሱም አነቃንቆ አዳመጣትና ፊቱ ጠቆረ።

«ውስጧ ደርቃ ሞታለች። ማነው ጸሐይ ላይ ያሰጣት?»

«እኔ ነኝ፤ እንዳትሻግት ብዬ።»

አልተቆጣኝም፣ ራሴን ዳበሰኝ እንጂ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በጣሳ ስለፈጀኋቸው ሌሎቹ ሳልነግረው በማግስቱ ሄደ።

አሁን በየክረምቱ አባቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ችግኞቹን እያሳዩኝ «ዘንድሮም ትል የሚባል የለም፣ አልሃምዱሊላህ» ይሉኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ያኔ የሚያስደነግጠኝ የተበላ ቅጠል ነበር፤ ዛሬ ግን አንድም ቅጠሉ ያልተነካ ችግኝ ሳይ ነው የምደነግጠው።