የገዛ ጠጉሯ

ሴቶች በራሳቸው ጠጉር ላይ የሌላ ሰው ጠጉር ለምን እንደሚጨምሩ እስከ ሃያ ስድስት ዓመቴ ድረስ አውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላውቅም።

ያን ጊዜ የነበረኝ ዕውቀት በማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ በሦስት አንቀጽ ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው ስለ ከንቱ ውበት፣ ሁለተኛው ስለ ባዕድ ልማድ፣ ሦስተኛው ስለ መገናኛ ብዙኃን ይናገራል። ከታላቅ እህቴ ጋር ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እርሷ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እሠራለሁ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሦስቱንም አንቀጽ አነበብሁላት። ጠጉሯ ከትከሻዋ ወርዶ ወንበሩን ይነካ ነበር። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«'ብዙኃን'ን በየትኛው 'ሀ' ነው የጻፍኸው?»

ነገርኋት። ትክክል ነው አለችና ሽሮውን ወደ እኔ አስጠጋችልኝ። ያ ወንበሩን የሚነካው ጠጉር የተገዛ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር አብረን ስንኖር ሁለት ዓመት ሞልቶናል፤ ራሴንም አስተዋይ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር።

ወላጆቻችን የሚኖሩት ከይጁቤ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነው። አባታችን በወጣትነታቸው ዲማ ወርደው ቅኔ ሲማሩ ቆይተው፣ አባታቸው ሲሞቱባቸው ትምህርቱን ጥለው ወደ እርሻ የተመለሱ ሰው ነበሩ። ቅኔው ግን አልተመለሰም፤ ዕድሜ ልካቸውን ከአፋቸው ሳይወርድ ኖረ። በሬ ሲጠሩም፣ እንግዳ ሲያስተናግዱም፣ ወጥ ሲቀምሱም ነገራቸው ሁለት ፍች ነበረው። የዚህ ሁሉ ዒላማ እናታችን ነበረች። እርሷም ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ መልስ ብቻ ነበራት።

«ወርቁን ለራስዎ ይያዙት። እኔ በሰሙ ጧፍ እሠራበታለሁ።»

ከዚያ በፊት ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ትመጣ የነበረችው እህቴ ያን ረጅም ጠጉር ይዛ መጀመሪያ አገር ቤት የገባችው በአንድ ፋሲካ ነው። አባታችን ከመደቡ ላይ ሆነው ለረጅም ጊዜ ሲመለከቷት ቆዩና፣

«ይህች ልጅ የገዛ ጠጉሯ አማረባት» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለች እናቴ። «ድሮስ የማን ጠጉር ያምርባት ኖሯል?»

«እሱንም እኮ ነው የምል።»

እናቴ ነገሩን ንቃ ተወችው። እኔም የአባትነት ምስጋና መሆኑን ተረድቼ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እህቴ ግን ውኃ ልቅዳ ብላ ተነሥታ ወጣች። እንስራው ሙሉ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አጎቴ ስልክ ደወለልኝ። አባታችን ሌሊቱን ዐርፈዋል። «ለእህትህ 'ትንሽ አሟቸዋል' በልና ይዘሃት ና፤ መርዶ በመንገድ አይነገርም» አለኝ። እህቴ በዚያ ሰዓት ጠጉር ቤት እንደምትሆን አውቅ ነበርና ወደዚያው ሄድሁ፤ መጋረጃውን ገልጬም ገባሁ።

የማውቀው ጠጉር ጠረጴዛ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እህቴ ከመስተዋቱ ፊት ናት። ከግንባሯ አንሥቶ በሁለቱም ጆሮዎቿ አቅጣጫ ራሷ እንደ እጅ መዳፍ ልሙጥ ነበር። ከመካከል የቀረው ጥቂት ጠጉር በቀጫጭኑ ተጎንጉኖ ተለጥፏል፤ ጠጉር ሠሪዋም በቆልማማ መርፌና በጥቁር ክር አዲስ ጠጉር እዚያ ጉንጉን ላይ ትሰፋ ነበር።

«ወንድሜ፣ እዚህ ወንድ አይገባም» አለችኝ ጠጉር ሠሪዋ።

«ወንድሟ ነኝ።»

«ወንድሟ ከሆንህማ ይብሳል።»

እህቴ በመስተዋቱ ውስጥ ተመለከተችኝ። «ምን ሆነሃል?»

«አባባን ትንሽ አሟቸዋል። መጥታችሁ እዩአቸው ተብለናል።»

ልትነሣ እጇን ወንበሩ ላይ ጣለች። ጠጉር ሠሪዋ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። «ወዴት? ገና ግራው ጎን ብቻ ነው የተሰፋው። በዚህ ራስሽ በሽተኛ ልታስደነግጪ ነው?»

«ይለቅ» አልሁ እኔ። «እንጠብቃለን።»

የፕላስቲክ ወንበር ተሰጠኝ። የአባቴን ሞት በሆዴ ይዤ፣ የእህቴ ቀኝ ጎን ተሰፍቶ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥሁ። በጉዳዩ ላይ ማስታወሻ አልያዝሁም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት በመካከሉ።

«ልትጽፈው?» አለችኝ።

መንደሩ ከሚታይበት ጉብታ ላይ ስንደርስ ልቅሶው ተሰማ፤ መርዶውን እኔ መናገር ሳያስፈልገኝ ቀረ። እህቴ እየጮኸች ሮጠች። ግቢው ውስጥ እናቴ ጠጉሯን ተላጭታ ቆማለች፤ የአባቴ ታላቅ እህት የሆነችው አክስቴም ተላጭታለች፤ የአጎቴ ሴቶች ልጆችም እንዲሁ። በእኛ አገር ሴት ለቅርብ ዘመዷ የምታዝነው እንዲህ ነው። የደብሩ ካህን በሐዘን ጠጉር መላጨት ሥርዓት አይደለም ብለው በየልቅሶው ያስተምራሉ። ሕዝቡም አሜን ይላል፤ ምላጩም ይቀጥላል።

እህቴ ደረቷን መታች፣ ፊቷን ነጨች፣ መሬት ላይ ተንከባለለች። እጇ ሁለት ጊዜ ወደ ጠጉሯ ሄዶ ሁለት ጊዜ ሲመለስ አየሁ። ሴቶቹ የሰጧት ጥቁር ሻሽ ከራሷ አልወረደም፤ ከሻሹ ሥር ግን ያ ሁሉ ጠጉር፣ በዚያው ቀን የተሰፋ፣ የሚያበራ፣ ጀርባዋ ላይ ተዘርግቶ ይታያል።

በሣልስቱ ዕለት አክስቴ ነገሩን ዳስ ውስጥ አነሣችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገር ሴት አይደለችም።

«ለአባቷ ጠጉር ሳሳች? ይኸ ሁሉ ለማን ሊቀመጥ ነው?»

«የከተማ ሰው ናት እኮ» አለች አንዲቱ። «ጠጉሯን መንግሥት ይፈልገዋል።»

«መንግሥት ምን ያረገዋል፣ ጭራ ሊያሠራ ነው?»

እናቴ ሰምታለች።

ወደ ደብረ ማርቆስ ከተመለስን በኋላ እናቴ ስልክ የምትደውለው ለእኔ ብቻ ሆነ።

«እህትህ ደኅና ናት?»

«አጠገቤ ናት፣ ላገናኝሽ?»

«አይ፣ ሥራ ይኖርባታል፤ ተዋት።»

እህቴ ደብተር እያረመች ትሰማለች። ሦስተኛው እንዲህ ያለ ስልክ ሲዘጋ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

«እማ ለአባባ ጠጉር የሳሳሁ መስሏታል።»

«እውነቱን ንገሪያት።»

«ምን ብዬ? ልጅሽ መላጣ ናት ብዬ? አክስቴ ከሰማች በሚቀጥለው ገበያ ይጁቤ ላይ የማያውቅ በግ እንኳ አይገኝም።»

የካህኑን ትምህርት ለእናታችን በዝርዝር ላስረዳላት እንደምችል ገለጽሁላት። «እሷም ተላጭታ ነው ቆማ የሰማችው» አለችኝ። ባነበብኋቸው መጻሕፍት ውስጥ ጉዳዩን የሚመለከት ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ለአርባው ፍትሐት ከዋዜማው ጀምሮ አገር ቤት ነበርን። እናቴ ጓዳ ውስጥ በመስኮቱ ብርሃን ለማግሥቱ ተዝካር ምስር ትለቅማለች። ጠጉሯ እንደ ገብስ ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል። እህቴ ገብታ ከጉልበቷ ሥር ተቀመጠችና ሻሹን ፈታችው።

«እማ፣ ቁረጪልኝ።»

እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አየቻትና፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «መቀሱን አምጣ» አለችኝ። አባቴ ጢማቸውን የሚያስተካክሉበትን መቀስ አመጣሁላትና በሩ ላይ ቆምሁ። ጠጉሩን በግራ እጇ ሰብስባ ያዘችው። «ደግ ጠጉር ነው» አለች። «ይወዱልሽ ነበር።» መቀሱን ወደ ሥሩ ሰደደችው፤ አልሄደም። በጣቷ ዳበሰች። ጎንበስ ብላ አየች።

«ክር ነው እኮ! ውይ! ልጄ ራሷን ተሰፍታለች! ማን ነው የፈነከተሽ?»

«ማንም አልፈነከተኝም፣ እማ። የተሰፋው ጠጉሩ ነው። የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ማብራራት ተገቢ መስሎ ታየኝ። «ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ሂውማን ሄር ይሉታል፤ የሰው ጠጉር ማለት ነው።»

«የሰው መሆኑንማ አየሁት። የማን ሰው ነው የምል። ሞታ ነው ቆማ የሰጠችው?»

«አይታወቅም።»

«ክርስትና ስሟስ?»

«እሱም አይታወቅም።»

«እንግዲያ ምኑን ተማርኸው?» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መቁረጡን ተወችው። የተሳሳተ ስፌት እንደሚተረትር ሰው ክሩን አንድ በአንድ እየበጠሰች ፈታችው። ሲያልቅ ጠጉሩ እጭኗ ላይ ቀረ፤ የእህቴም ራስ በመስኮቱ ብርሃን እንዳለ ታየ። እናቴ ልሙጡን ቦታ በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ያማል?»

«አያምም።»

«መቼ ነው እንዲህ የሆንሽ?»

«ኮሌጅ ሳለሁ። በኬሚካል አለሰለስሁት፤ በዚያ ላይ ሹሩባ አጥብቄ ተሠራሁ፤ ሥሩ ሞተ አሉኝ። ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ የማስተምረውን ትተው ግንባሬን ይለኩ ነበር። መምህራኑም እንደዚያው። አንዷማ ጠበል አመጣችልኝ። ጠጉር ያለው ሰው ጠጉሩን ማንም አያይበትም፣ እማ። እኔ የገዛሁት እሱን ነው።»

የእናቴ መዳፍ ባለበት ቆመ።

«ገዝተሽው ነው?»

«አዎ።»

«ቆይ።» ዐይኗ ወደ ባዶው መደብ ሄደ። «ያን ፋሲካ... 'የገዛ ጠጉሯ አማረባት'... እኔም 'የማን ጠጉር ኖሯል' አልኋቸው... 'እሱንም እኮ ነው የምል'... ኧረ እኒህ ሰውዬ!»

ሳቀች። አባቴ ከሞቱ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ምስሩ ከሰፌዱ እስኪፈስ ሳቀች። ጥብቅ ሰዋስው ከተባለ «የገዛችው» ሊባል ይገባ ነበር፤ ቅኔ ግን ለአንዲት ቃል ብሎ ይህን ያህል ይቅር ማለት ይችላል። እኔ ነገሩን የተረዳሁት ከእናቴ በኋላ መሆኑን መመዝገብ ይኖርብኛል።

«ያውቁ ኖሯል ማለት ነው» አለች እናቴ ዐይኗን እየጠረገች።

«ውኃ ልቅዳ ብዬ ስወጣ ተከትለውኝ መጡ።»

«ምን አሉሽ?»

«'እንስራው ሙሉ ነው' አሉኝ። ከዚያ አብረውኝ ወደ ምንጩ ወረዱ።»

እናቴ ከመካከል የቀሩትን ቀጫጭን ጉንጉኖች በጣቷ ያዘች። «ይኸስ ያንቺ ነው?»

«እሱ የኔ ነው።»

«እንግዲያ ይኸ ያባትሽ ነው» አለችና ቆረጠችው። ከአንድ እፍኝ ያነሰ ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ጥቁሩን ሻሽ መልሳ በገዛ እጇ አሰረችላት። «በይ። ዓመት ሙሉ ራስሽን ማንም አይጠይቅሽም።»

በማግሥቱ ከፍትሐቱ በኋላ ዳሱ ውስጥ ሰው ሞልቶ ሳለ አክስቴ የእህቴን ሻሽ ከሩቅ አየችው። ተነሥታ መጥታ በጣቷ ጫን አደረገችው። ጠፍጣፋ ነበር።

«ተላጨሽ?»

እህቴ መሬት መሬት አየች። እናቴ ከጓዳ ወጣችና፣ አንድም ቃል ሳትናገር፣ ነጠላዋን ገልጣ በዋዜማው የፈታችውን ያን ረጅም ጠጉር አሳየች። በዙሪያዋ የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ።

«ወይ ጉድ!» አለች አክስቴ። እጇን ዘርግታ ነካችው፤ ድምፅዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ይኸ ሁሉ? ይኸ ሁሉ የሷ ነው?»

«የገዛ ጠጉሯ ነው» አለች እናቴ።

ይህን ተናግራ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አክስቴ አቀፈቻትና፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ እቴ፣ እሳቸውም ያዩታል» እያለች ልቅሶውን አነሣችው፤ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። እህቴ ፊቷን በጉልበቷ መካከል ደፍታ ነበር፤ የእርሷም ትከሻ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ፊቴን ወደ ዳሱ ማገር አዞርሁና ከንፈሬን ነክሼ ቆምሁ። ካህኑ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ጽና፣ ልጄ» አሉኝ።